የኮሚክ ክበብ ዘገባ፦ ዘንድሮ አንባቢ አገኘን

ዘንድሮ የክበባችን ልጆች ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) ሠርተው፣ አባዝተው ሸጠዋል። ማተሚያ ቤት አልገባንም፤ ሥራው ያለቀው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቢሆንም የማያውቁት ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ሥራቸውን ገዝቶ ሲያነብ አይተዋል። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር ይህ ነው። መሸጥ ራሱ ሥዕል ያስተምራል ብዬ አምናለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ በዓይኔ አየሁት።

መስከረም ላይ የመጡት ልጆች እጃቸው የሚያስቀና ነበር። አብዛኞቹ መሳል የለመዱት በስልክ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) እያዩና ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) እያነበቡ ነው። የደብተራቸው የኋላ ገጽ በሹል ፀጉርና በትልልቅ ዓይኖች ተሞልቷል። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፍም። ልጅ የሚወደውን እየቀዳ ነው እጁን የሚያፍታታው። የጎደላቸው ታሪክ በሥዕል መናገር ነበር። ፊት ግሩም አድርገው ይስላሉ። ያ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ፣ ሲቀመጥ፣ ከሰው ጋር ሲጣላ ግን ይቸገራሉ።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሥዕሎቹ የሚገቡባቸውን ሣጥኖች ከቀኝ ወደ ግራ ደርድሮ መጣ። የጃፓን ማንጋ እንደዚያ ስለሚነበብ ደንቡ መስሎት ነው። ጓደኞቹ ከግራ ጀምረው ሲያነቡት ሰውዬው መጀመሪያ ወደቀ፣ ከዚያ ተገፋ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱም ወዲያው ገባው። ጽሑፋችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ዓይናችንም እንደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ በኩል ይቆማል፤ የንግግሩ ፊኛም (ቃሉ የሚጻፍበት ክብ) ከፍ ይላል። ሌላው ራስ ምታት ይኸው ፊኛ ነበር። አማርኛ ግሱ ረጅም ነው፤ «አላስቸገርኳችሁም» የሚል አንድ ቃል ብቻውን መስመር ይሞላል። ልጆቹ ፊኛውን ቀድመው ይስሉና ፊደሉን እያጣበቡ ያስገባሉ። አሁን ቃሉን አስቀድመን እንጽፋለን፣ ከዚያ ፊኛውን ዙሪያውን እንስላለን። ቃሉ ከበዛ ፊኛው አይሰፋም፤ ቃሉ ይቀነሳል።

ከሁሉም የማልረሳው ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ዘጌ ያደረግነው ጉዞ ነው። የክብራን ገብርኤል ገዳም ለከተማችን ለባሕር ዳር የቀረበ ቢሆንም ሴቶች አይገቡበትም። ግማሹን ክበብ ደጅ ትቶ መግባት ስለማይሆን በጀልባ ዘጌ ወዳለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄድን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ልጆቹ ከዚህ በፊት አይተውታል፤ እንደ ኮሚክ ግን አንብበውት አያውቁም። አንድ ቅዱስ በአንድ ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ይታያል፦ ሲያስተምር፣ ሲታሰር፣ ሲገደል። አጠገቡም አጭር ጽሑፍ አለ። ሣጥን፣ ቅደም ተከተል፣ የሥዕል መግለጫ፤ ሁሉም አለ። በንግሥተ ሳባ ታሪክ ላይ የሚሠሩት፣ ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን ያላቸው የሸራ ሥዕሎችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ገበያ ላይ ሲሸጡ ኖረዋል። ኮሚክ ከውጭ የመጣ ብቻ ነው ለሚሉኝ ሁሉ ዑራን እዩ እላለሁ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ። ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ይዛ ተመለሰች። ታሪኳ ዓሣ አስጋሪዎችን በሚዛን ስለሚያታልል ነጋዴ ነው። ሰውዬውን በሁሉም ሣጥን በጎን ሳለችው። በመጨረሻው ገጽ ጥፋቱን ሲያምን ፊቱን ወደ አንባቢው አዞረችው። አንድም ቃል አልጨመረችበትም። እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አስተማሪ በመሆኔ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ኮፒ ቤት ገባን። በእርሳስ ሼድ የተደረገው ሁሉ ኮፒ ሲደረግ ጠፋ፤ አንዳንዱም ጭቃ መሰለ። ልጆቹ ሁሉንም በጥቁር እስክሪብቶ ደገሙት፤ ጥላውንም በተቀራረቡ መስመሮች አደረጉት። ማሽኑ የወረቀቱን ጠርዝ ስለማያትም ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ መተው ግድ ሆነ። ገጽ ማቀናጀቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ባለ 8 ገጽ መጽሔት በሁለቱም ፊት ኮፒ ተደርገው መሃል ለመሃል ከታጠፉ ሁለት ኤ ፎር ወረቀቶች ይወጣል። ገጽ 8 ከ1 ጋር፣ 2 ከ7 ጋር፣ 6 ከ3 ጋር፣ 4 ከ5 ጋር ጎን ለጎን ይሆናሉ። ጥንዶቹ ሲደመሩ ሁልጊዜ 9 ነው። ይህን ያገኘችው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ዋጋ ስናወጣ ብዙ ተከራከርን። አንድ ፊት ኮፒ 3 ብር ቢሆን አራቱ ፊት 12 ብር ይፈጃል። «በ10 ብር እንሽጥ፣ ሰው ይግዛን» ያሉ ነበሩ። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ስንሠራው ዝም አሉ። የሚስል ልጅ ድካሙን ዋጋ ሳይሰጠው ቀርቶ ሌላ ማን ይሰጠዋል?

መጀመሪያ የሸጥነው በወላጆች ቀን ነው። ዘመድ ግን ሳያነብም ይገዛል። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት ጣና ዳር፣ ጀልባ የሚጠብቅ ሰው ወዳለበት ሄድን። እዚያ ነው ነገሩ የተለወጠው። የጀግና ፊት ብቻ የተሣለበትን ሽፋን ሰው እያየ አለፈ። ታንኳ ላይ ያለ ልጅና ከሥሩ ብቅ ያለ ጉማሬ ያለበትን ግን ቆሞ «ከዚያስ?» አለ። «ይሄ ዓባይ ማዶ አይደል?» እያሉ ሣጥኑ ላይ ጣታቸውን የቀሰሩ ነበሩ። አንድ ሰውዬ ገጽ 3 ላይ ደርሶ ወደ ገጽ 2 ተመለሰ። እንደገና ተመለሰ። ሠዓሊው አጠገቡ ቆሞ ያይ ነበር። ታሪኩ ከገበያ ወደ ቤት ሲዘል የሚያገናኝ ሣጥን እንደሌለው የገባው ያኔ ነው። እኔ ያንኑ ነገር ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር። ማታውኑ ቤቱ ገብቶ ሣጥኑን ጨመረ።

በቴሌግራምም ሞክረናል። ሙሉ ገጽ ሲለጠፍ ጽሑፉ በስልክ አይነበብም። አንድ ሣጥን በአንድ ምስል ሲሆን ተነበበ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች በነጻ አውጥተን ቀሪውን በወረቀት ሸጥን።

ስለ መብትም ተነጋግረናል። አንዳንዶች የታወቀ የአኒሜ ጀግና ስለው ስቲከር ሊሸጡ አስበው ነበር። ለልምምድ ሳሉት፣ አትሽጡት አልኳቸው፤ ባለቤት አለው። እነሱ ራሳቸው የፈጠሩትም እንዲሁ ባለቤት አለው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው እንደተፈጠረ ጥበቃ ያገኛል፤ ምዝገባ አይጠብቅም። ጥበቃው በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ከዚህ ውይይት ወዲህ ታሪኩን የጻፈውና ሥዕሉን የሳለው ሁለት ልጆች ከሆኑ ድርሻቸውን ቀድመው በወረቀት ይፈራረማሉ። ጓደኝነት ይበልጣል ያለ ልጅ ነበር። ጓደኝነቱ እንዲቆይ ነው የምንጽፈው አልኩት።

ከሽያጩ የተረፈው ገንዘብ በክበቡ ገንዘብ ያዥ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ማንም ወላጅ ማየት ይችላል። ለሚቀጥለው ዓመት ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶ እንገዛበታለን። የሚቀጥለው እትም ርዕስ እምቦጭ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው መርጠውታል። ምዝገባው በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ነው። መሳል የማይችል፣ ግን ታሪክ ያለው ተማሪም ይምጣ፤ ጸሐፊ አጥሮናል።