አርባ ምንጭ የምትበሩ በግራ በኩል ያዙ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፣

የጋዜጣችሁን የጉዞ ገጽ ሁሌ አነባለሁ፣ ስለ ሆቴሉም ስለ ምግቡም ትጽፋላችሁ፣ ግን አንድም ቀን ፕሌን ውስጥ በየትኛው በኩል ብንቀመጥ ይሻላል የሚል ነገር አላየሁም። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

በቅርቡ እናቴን ይዤ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። የጨንቻ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ በአውቶብስ ስትመላለስ ኖራ ፕሌን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ቼክ ኢን ላይ ያለውን ልጅ እባክህ ሐይቁ በሚታይበት በኩል መስኮት ጋ ስጠን ብለው "የትም ብትቀመጡ ያው ነው፣ ወዲያው ትደርሳላችሁ" ብሎ በቀኝ በኩል መሀል ላይ ሰጠን። እናቴ አንገቷን ብታሰግግ ብታሰግግ የሚታያት ሞተሩ ብቻ። አገር ውስጥ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ክንፉ ከላይ ስለሆነ እንደ ጄቶቹ መሬቱን አይከልልም፣ ግን ሞተሩ ከክንፉ ስር ነው ያለው፣ ጎማውም እዚያው ነው የሚታጠፈው፣ ስለዚህ እሱ ጋ የተቀመጠ ሰው ምንም አያይም፣ ወደ ኋላ መያዝ ነው።

ስንመለስ ግን ያረፍንበት ቤት ያለው ዘመዳችን "አሁን ሐይቆቹ በቀኝ ናቸው፣ ከኋላ ያዙ" አለን። በረራው ከሰዓት ስለነበር ፀሐይዋ በምዕራብ ሆና ዓይናችንን አልወጋችንም፣ ጠዋት ቢሆን ሐይቆቹ በምሥራቅ ስለሆኑ ነጸብራቁ ያስቸግር ነበር።

ገና ከመነሳታችን አባያ ተዘረጋ፣ ቀላ ያለ ነው፣ ልክ የክረምት ጎርፍ፣ ቀለሙ የሚመጣው ከደለሉ ነው፣ ጫሞ ደግሞ ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው መሬት፣ ከእግዜር ድልድይ ማዶ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። እናቴ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርግና መልሳ ትለጥፋለች። "ከጨንቻ ዳገት ላይ ሁለቱንም እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ከሰማይ ግን እንዲህ ናቸው ለካ!" አለችኝ።

ቀጥሎ ሻላ መጣ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል። ጎኑ ያለው አብያታ ግን ውሃው ሸሽቶ ዳር ዳሩ ነጭ ሆኗል፣ ወደሱ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ እየተጠለፈ ከራሱም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጨው እየተቀዳ ነው እንዲህ የሆነው፣ ስንት ጊዜ በመኪና በጎኑ አልፌ እንደዚህ አልገባኝም ነበር፣ ሆዴ ባባ። ከዚያ ላንጋኖ፣ ዝዋይ። አዲስ አበባ ልንደርስ ስንል ዝቋላ ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ስታየው "አቦዬ" ብላ አማተበች። ከፊታችን የነበረው ልጅ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ መንገዱን ሙሉ ስልኩን ይነካካል፣ ማንም አልነገረውማ።

እና ምናለ በየመስመሩ በየት በኩል ምን እንደሚታይ ብታወጡልን? ሆስተሶቹስ ቀበቶ እሰሩ ሲሉ "በቀኝ በኩል ሻላ ነው" ቢሉ ምን ይጎዳቸዋል? እኔ ልጀምርላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር የምትሄዱ በግራ ያዙ፣ አብራሪው መንገድ ካልቀየረ ጣና በዚያ በኩል ነው።

እናቴ ለፋሲካ ስንሄድ በግራ፣ ከኋላ፣ መስኮት ጋ እንድይዝላት ከአሁኑ ነግራኛለች።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ