ለወዳጄ ለአበራ፦ ውኃ ወደ ዛፍ ጫፍ ስለሚወጣበት መንገድ

ይድረስ ለተወደድከው ወንድሜ ለአበራ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ዝም ብልም ከልቤ ወጥተህ አታውቅም። በሰው እጅ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ተራራው ትከሻ ላይ የተከልኸው ችግኝ መድረቁ ቢያሳዝነኝም፣ አፈሩ ርሶ ሳለ ለምን እንደ ደረቀ መጠየቅህ ብዕር አስነሳኝ።

ነገሩን ለመረዳት ውኃ በተክል ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ሥሩ ይመስለዋል። ሥር በእርግጥ ይገፋል፤ ማለዳ በበቆሎ ቡቃያ ቅጠል ጫፍ ተንጠልጥሎ የምታየው ጠብታ ሁልጊዜ ጤዛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሥሩ ገፍቶ ያወጣው የተክሉ የራሱ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ግፊት ጉልበት ትንሽ ነው፤ ፀሐይ በርትታ ቅጠሉ ብዙ ውኃ በሚያተንበት ሰዓት ደግሞ ከነጭራሹ ይጠፋል። ውኃ በቀጭን ቱቦ ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ የሚወጣበት ባሕርይም ብቻውን አይበቃም፤ ስፋቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በሆነ ቱቦ ውስጥ የሚወጣው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ የሚመጥጥ ፓምፕም ቢሆን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ማንሳት አይችልም። ባሕር ዛፍ ግን ይህን ሁሉ በቀላሉ ያልፋል፤ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ረጅሙ የሬድውድ ዛፍ ደግሞ ከ115 ሜትር በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኤድዋርድ ሽትራስቡርገር የተቆረጡ ዛፎችን መርዝ ውስጥ አቁሞ ባደረገው ምርምር፣ የግንዱ ሕያው ሕዋሳት ከሞቱ በኋላ እንኳ ፈሳሹ መውጣቱን እንደ ቀጠለና ያቆመውም ቅጠሉ ሲሞት እንደ ሆነ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ የደብሊን ሰዎች ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት ያለውን ማብራሪያ አቀረቡ፦ ውኃው የሚሳበው ከላይ ነው። ቅጠሉ ምግቡን ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሻ ስቶማታ የተባሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ በዚያው ውኃ ይተናል። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ፣ ከቅጠሉ ሕዋሳት ግድግዳ አንዱ ሲተን ከኋላው ያለውን ይስባል፤ ስበቱም ዛይለም በሚባሉት ቱቦዎች በኩል በግንዱ ወርዶ እስከ ሥሩና እስከ አፈሩ ይደርሳል። ለዚህ ሥራ ኃይሉን የምትሰጠው ፀሐይ ናት እንጂ ዛፉ ከራሱ ጉልበት ያወጣው የለም፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው።

አደጋው ግን ከዚሁ ይመነጫል። እንደ ገመድ የተወጠረ ውኃ ሊበጠስ ይችላል፤ ሲበጠስም ቱቦው ውስጥ አየር ይገባና መንገዱ ይዘጋል። የጽጌረዳ ግንድ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንዲቆረጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ አየር ላይ ሲቆረጥ የተወጠረው ውኃ ወደ ውስጥ ሸሽቶ በስፍራው አየር ይተካል፤ አበባው ከዚያ በኋላ ማሰሮ ሙሉ ውኃ ውስጥ ቢቆምም አንገቱን ሊደፋ ይችላል።

በችግኝህ ላይም የደረሰው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ችግኝ ከፕላስቲኩ ሲወጣ አፈሩ ከፈረሰ፣ ውኃ የሚመጥጡት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን በተራራው ነፋስ ማትነኑን አያቆምም። ስቶማታውን ዘግቶ ለጊዜው ራሱን ይከላከል ይሆናል፤ ሆኖም ሲዘጋ ምግቡም ይቋረጣል፣ ሲከፍት ደግሞ ሥሩ ሊያቀርብ ከሚችለው በላይ ይስባል። ቱቦዎቹ በአየር ከተሞሉ በኋላ እግሩ ሥር ባልዲ ውኃ ብታፈስም እምብዛም አይጠቅመውም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ዝናቡ እንደ ጸና፣ ደመና በሆነበት ቀን ወይም ወደ ማታ ትከል። ፕላስቲኩን ስትቀድ አፈሩ ከሥሩ ጋር እንደ ተያያዘ ይውጣ፤ ቅጠሉ የበዛውን ከታች ጥቂት ቀንስለት፤ በነፋሱ በኩልም ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ከልልለት። የደረቁት የየትኛው ዛፍ ችግኞች እንደ ሆኑና ስትተክላቸው ቁመታቸው ምን ያህል እንደ ነበር ጻፍልኝ፤ ከመጠን በላይ የረዘሙ ከነበሩ አጠር ያሉትን እንድትመርጥ እመክርሃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ