በቤት ውስጥ ማሸትን በወጉ እንማር

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ወገብና ስለ ማጅራት ሕመም የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ አካል እንቅስቃሴና ስለ ትክክለኛ አቀማመጥ ብዙ ተብሏል። በየቤቱ ማታ ማታ ስለሚደረገው ማሸት ግን የተጻፈ አላገኘሁም፤ ነገሩ እንደ ተራ የቤት ጉዳይ ስለሚታይ ይመስለኛል። በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ፣ ብዙዎቹ ታካሚዎች ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በቤተሰብ ወይም በጎረቤት እጅ እንደታሹ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ተሽሎት፣ አንዳንዱ ደግሞ ብሶበት ይመጣል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የአሺው ጉልበት ሳይሆን ዕውቀቱ ስለሆነ፣ ማሸት ማንኛውም ቤተሰብ በወጉ ሊማረው የሚችልና የሚገባው የቤት ሙያ ነው የሚለውን ሐሳቤን ለአንባቢያን ላቅርብ።

ለአገራችን ሰው ማሸት እንግዳ ነገር አይደለም። ሕፃን ገላው ታጥቦ በቅቤ ይታሻል፤ የአራስ ወገብ ታሽቶ በመቀነት ይታሰራል፤ እግሩ ወለም ያለው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ መንገድ የደከመው እንግዳ እግሩ ታጥቦ ባቱ የሚታሽበት ልማድም ዛሬ በአንዳንድ ቦታ አለ። ከዚህ መልካም ልማድ ጋር አብረን የወረስነው አንድ አስተሳሰብ ግን ጉዳት ያመጣል፤ ይኸውም ማሸት ካላሳመመ አይሠራም የሚለው ነው። ታሺው ጥርሱን ነክሶ ካላቃሰተ አሺው የለገመ ይመስለዋል፤ አሺውም ይህንኑ ስለሚያውቅ አውራ ጣቱን እስኪያመው ይጫናል። በማግስቱ ጀርባው በልዞ፣ ሕመሙ ጨምሮ ሲገኝ ደግሞ «ብርዱ እየወጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በሌላው ጫፍ፣ በከተሞቻችን የተከፈቱት የማሳጅና የስፓ ቤቶች ነገሩን ገንዘብ ላለው ብቻ የተፈቀደ ቅንጦት አስመስለውታል፤ የአንዳንዶቹ ስም በመልካም አለመነሳቱም ጨዋ ቤተሰብ ስለ ማሸት በግልጽ እንዳይነጋገር አድርጓል። ከሁለቱ መካከል ያለው ቀላሉ መንገድ፣ ማለትም ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ እኅትና ወንድም እርስ በርሳቸው በዕውቀት የሚተሻሹበት፣ አስተማሪ አጥቷል።

ጥቅሙን በተመለከተ ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው የወገብ ሕመም መመሪያ፣ በቅርብ ለጀመረ ሕመም በመጀመሪያ ከሚመረጡት መድኃኒት አልባ ሕክምናዎች መካከል ሙቀትንና ማሸትን አካትቷል፤ ሆኖም ለሙቀት የተገኘው ማስረጃ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሲሆን ለማሸት የተገኘው ደካማ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሸትን ከትምህርት፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከሌሎች አማራጮች ጋር አብሮ እንጂ ለብቻው የሚፈውስ አድርጎ አላቀረበውም። በዚሁ ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። እንግዲህ ማሸት ሕመምን ለተወሰነ ጊዜ ያስታግሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ታማሚው ተነስቶ እንዲንቀሳቀስ ድፍረት ይሰጠዋል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ሰው ወገቡን ባመመው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛ የሚውጠው ዲክሎፌናክ ጨጓራን ሊያደማ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበትንም ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ስናስብ፣ ሞቅ ያለ ፎጣና የተማረ እጅ አስቀድመው ቢሞከሩ የሚመረጥ ነው።

ማሸት የሚሠራው ብርድን ወይም መርዝን ከሰውነት በማስወጣት አይደለም። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ከቆዳና ከጡንቻ የሚነሣው የመዳሰስ ስሜት ከሕመሙ መልእክት ጋር በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ይገናኝና የሕመሙን መልእክት ያዳክመዋል፤ እግራችን ሲጋጭ ሳናስብ እጃችንን ሰድደን የምናሸው በዚህ ምክንያት ነው። በክንድና በጀርባ ቆዳችን ላይ ደግሞ ለዝግታ ዳሰሳ ብቻ የተሰጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። እነዚህ ይበልጥ የሚነቁት እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሲሄድባቸው ነው፤ ሲፈጥንም ሲዘገይም ምላሻቸው ይቀንሳል። ከትከሻ እስከ ወገብ ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ እጅ አንዱን መንገድ ለመጨረስ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። አንባቢ ይህን በሰዓት ቢሞክረው በቤታችን የምናሸው ምን ያህል በችኮላ እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። የሚሰምጥ ፍራሽ ለማሸት አይመችም፤ የአሺው ግፊት ፍራሹ ውስጥ ይቀራልና። ወለል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ቀጭን ፍራሽ አንጥፎ፣ ታሺውን በሆዱ አስተኝቶ፣ ከደረቱ ሥር ሳሳ ያለ ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግ ይበቃል። በሆዱ መተኛት የማይችል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛ ላይ በተደረገ ትራስ ላይ ደገፍ ይላል። ክፍሉ ይሙቅ፤ የማይታሸው የሰውነት ክፍል በጋቢ ይሸፈን፤ የአሺው ጥፍር ይቆረጥ፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። ቅባቱ የሰሊጥ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ለጋ ቅቤ ሊሆን ይችላል፤ ቅቤ ጠረኑ ልብስ ላይ መቅረቱ ብቻ ያስቸግራል። የትኛውም ቢሆን በታሺው ጀርባ ላይ አይፈስስም፤ በአሺው መዳፍ ላይ ተደርጎ ሁለቱን እጆች በማፋተግ ከሞቀ በኋላ ነው ቆዳ የሚነካው። የሚያቃጥል ቅባት የተቀባ ሰው ላይ ትኩስ ፎጣ መደረብ ቆዳን ስለሚጎዳ ሁለቱ አይደረቡ።

ሥራው የሚጀመረው በሰፊ መዳፍ ነው። ሁለቱ መዳፎች ከወገብ ተነሥተው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ትከሻ ይወጣሉ፤ ከዚያም ትከሻውን ዞረው በጎኖቹ በኩል ቀለል ብለው ይመለሳሉ። ወደ ልብ አቅጣጫ ሲሄዱ ጫን፣ ሲመለሱ ላላ ማለት ነው። አከርካሪው ራሱ፣ ማለትም እጅ የሚነካው የአጥንት ሰንሰለት፣ በቀጥታ አይጫንም። እጆች ከሰውነቱ ላይ በድንገት አይነሱም፤ ቅባት ለመጨመር እንኳ አንዱ እጅ ባለበት ይቆያል፤ ታሺው ቀጥሎ የት እንደሚነካ ሳይጠብቅና ሳይሳቀቅ እንዲያርፍ ነው። ጡንቻው ሲሞቅና ሲላላ፣ በትከሻና በአንገት መካከል ያለውን ሥጋ በአራት ጣትና በመዳፍ ሥር ይዞ ሊጥ እንደሚያቦኩ ቀስ አድርጎ ማንሳትና መልቀቅ ይከተላል። ብዙ ሰው፣ በተለይም ቀኑን ኮምፒዩተር ፊት የሚውል፣ መኪና የሚነዳ ወይም ምጣድ ላይ አጎንብሳ እንጀራ የምትጋግር ሰው፣ ሕመሙን የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። የተቋጠረ የሚመስል ቦታ ሲገኝ በአውራ ጣት መፈልፈል አያስፈልግም፤ መዳፍን እዚያው አሳርፎ፣ ጫን አድርጎ፣ ታሺው ሦስት ጊዜ ያህል በረዥሙ ተንፍሶ እስኪጨርስ መጠበቅ ይሻላል።

ግፊቱ ከክንድ ጡንቻ ሳይሆን ከሰውነት ክብደት መምጣት አለበት። አሺው ተንበርክኮ፣ ክርኑን ብዙም ሳያጥፍ፣ ከወገቡ ወደ ፊት ዘንበል ሲል ክብደቱ በመዳፉ ያልፋል። በአውራ ጣት ብቻ የሚያሽ ሰው ግን ጣቱ ቶሎ ይደክማል፤ እየደጋገመ ከሄደ መገጣጠሚያው ይታመማል። ምን ያህል ልጫን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ታሺው ዘንድ ነው። «ከ10 ስንት ያምሃል?» ብሎ መጠየቅና ከ4 እንዳያልፍ መጠንቀቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ ትንፋሹን የያዘ፣ ጣቱን የጨበጠ ወይም ትከሻውን ወደ ጆሮው የሳበ ሰው ደግሞ በቃሉ «ምንም አይልም» ቢልም ሰውነቱ እምቢ ማለቱ ነው። በተለይ ለታላላቆቻችን ይህ ሊታወቅ ይገባል፤ እናት ልጇን ላለማስቀየም «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» እያለች ሕመሟን ትውጣለችና። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለአንድ ጀርባ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ዝም ብሎ ማረፍ እንጂ ወዲያው ብድግ ማለት ማዞር ሊያመጣ ይችላል።

መቼ እንደማይታሽ ማወቅ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ባቱን ካመመው ፈጽሞ አይታሽም፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችልና ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ስለሚገድል፣ መሄጃው ሆስፒታል ብቻ ነው። የአንገት ፊትና ጎን እንዲሁም የጉልበት ጀርባ ትላልቅ የደም ሥሮችና ነርቮች የሚያልፉባቸው ስለሆኑ አይጫኑም። የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሽም፤ ሽሉን «ለማስተካከል» በሚል የሚደረገው ጠንካራ ማሸት የእንግዴ ልጁን ያለጊዜው ሊያላቅቀው ይችላል። ወድቆ ክርኑ ያበጠ ልጅ ራጅ ሳይነሳ ወጌሻ ዘንድ አይወሰድ፤ የተጎዳ ክርን ተደጋግሞ ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅልና ክንዱ ሊደርቅ ይችላል። ወጌሾቻችን የማይናቅ የእጅ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስብራትን አጥብቆ ማሰር ግን የደም ዝውውርን አግዶ እስከ መቆረጥ ያደረሰባቸው ታካሚዎች በአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ዘንድ በደንብ ይታወቃሉ። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው የተጫነውን ስለማይሰማው በጣም በቀስታ፣ ቁስል አለመኖሩም በዓይን ታይቶ ነው የሚዳሰሰው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይበልዛል። ካምፎርና ሜንቶል ያለባቸው ቅባቶች ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሆኑም፤ የጨቅላ እትብትም ቅቤ አይቀባም።

በእኛ አገር ስለ ወገብ ሕመም ሲነሣ የአከርካሪ ቲቢ ሊረሳ አይገባውም። ሳምንታት አልፈውት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ እንዲሁም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ያንን ጀርባ እቤት አስተኝቶ ማሸት ሕክምናውን ማዘግየት ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለወንዶች አንባቢያን ላንሳ። በብዙ ቤት የባልን እግር አጥባ የምታሸው ሚስት ናት፤ የእርሷን ወገብ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ፣ በምጥ ላይ ያለች ጤናማ እናት ማስታገሻ ስትፈልግ ማሸትና ሞቅ ያለ ጨርቅ ከሚመከሩት መካከል ናቸው፤ በፈቀደችው አጃቢ መታገዟንም ይደግፋል። ምጡ ሲመጣ በወገቧ ታችኛው ክፍል ላይ የመዳፉን ሥር አሳርፎ ጸንቶ መጫን፣ ሲሄድ መልቀቅ ለማንም ባል የሚከብድ ትምህርት አይደለም። የሚለማመደው ግን ምጥ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። የጤና ዓምዳችሁ ለጥቂት ሳምንታት በሥዕል የተደገፈ የማሸት ትምህርት ያውጣ፤ ከእያንዳንዱ አሠራር ጎን ደግሞ መታሸት የሌለባቸውን ሰዎችና ቦታዎች ያስቀምጥ። የጤና ቢሮዎችም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰብን ሲያስተምሩ ለኖሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን አጭር ትምህርት ቢጨምሩላቸው፣ የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ብዙ ሰው ይጠቀማል። ለትምህርቱ መጀመሪያ ትከሻና የውስጥ እግር ቢመረጡ እመክራለሁ፤ ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ልብስ ሳይወልቅ የሚሠሩ ስለሆኑ አማችም አማትም ያለ ኀፍረት ሊማሯቸው ይችላሉ። የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል በማዘጋጀት በኩል ያለ ክፍያ ለመተባበር ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ