ለገና ትንሽ ሳህን አስቀምጪልኝ

ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? የክረምቱ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? እህቶቼ ከነልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻችንም ሁሉ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አብራኝ የምትሠራ፣ ለክረምት ወደ አገር ቤት የምትመጣ ልጅ ናት፤ ታላቅ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልሽ አደራዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ክብደቴን ለመቀነስ ስለማደርገው የጨጓራ ቀዶ ጥገና ስነግርሽ ለረጅም ጊዜ ዝም አልሽ፤ ከዚያም «እግዜር የፈጠረውን ጨጓራ ማን ቁረጡ አላቸው?» ብለሽ ስልኩን ለእህቴ አቀበልሻት። ደግሜ ብደውልም አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ፣ እስካሁን የደበቅሁሽንም ጨምሬ፣ በጽሑፍ ላስረዳሽ ቆረጥሁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የመጣሁ ጊዜ፣ በፍልሰታ ማለዳ ከአራት ኪሎ ወደ ቅድስት ማርያም አብረን የወጣንበትን ቀን አስቢልኝ። በልጅነቴ እየሮጥሁ የምወጣው፣ ወደ አምስት ኪሎ የሚወስደው ያው መንገድ ነው። አንቺ በ72 ዓመትሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ፊት ፊት ትሄጂ ነበር፤ እኔ የአጥር ብረት ይዤ ሁለት ጊዜ ቆምሁ። ዞር ብለሽ «ምነው?» ስትዪኝ የጫማዬ ክር ተፈታብኝ አልሁሽ። እማዬ፣ ክሩ አልተፈታም ነበር፤ ቢፈታም ጎንበስ ብዬ ላስረው አልችልም ነበር። ቤት ስንመለስ ጎረቤቶች «አሜሪካ ተመችቷታል፣ እንዴት አምሮባታል!» ሲሉ አንቺም ደስ ብሎሽ ሳቅሽ፤ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

የከፋውን ልንገርሽ። ስኳር አለብኝ። ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖታል። አባዬ ለስኳር ክትትል ወደ ጥቁር አንበሳ ሲመላለስ፣ በኋላም የእግሩን ጣቶች ሲያጣ ያየሽውን ስለማውቅ ለአንቺ ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ፤ ይቅር በዪኝ። ከዚህ ሌላ እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ እየተቋረጠ ስለሚያስቸግረኝ ሌሊት አየር የሚገፋ ጭንብል አድርጌ እተኛለሁ። ቁጥሩን ለእህቴ ብዬ ልጻፈው፤ ጥር ላይ ስመዘን 118 ኪሎ ነበርሁ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ሐኪሞች ክብደትን፣ ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ያካፍላሉ፤ የእኔ ከ44 በላይ ሆነ፣ ጤናማ የሚባለው ደግሞ ከ25 በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው መስፈርት ይህ ቀዶ ጥገና የሚፈቀደው 40 ለደረሰ፣ ወይም እንደ ስኳር ያለ ሕመም አብሮት ካለ 35 ለደረሰ ሰው ነበር፤ በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት 35 ለደረሰ ሁሉ፣ ሌላ ሕመም ባይኖርበትም፣ እንዲመከር አደረጉ። በአሮጌውም በአዲሱም ሚዛን እኔ አለሁበት።

«ለምን በጾም አትቀንሺም?» ብለሽኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀንሼ አውቃለሁ፤ በአንደኛው እስከ 14 ኪሎ ደርሼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ከነትርፉ ተመለሰ። ጾም ሥጋውንና ቅቤውን ያስቀራል እንጂ እንጀራውን፣ ዘይቱንና ስኳሩን አይለካልሽም፤ ሌሊት ስሠራ አድሬ ጠዋት የምበላውም በጾምም በፍስክም ብዙ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋውን አዲሱን መድኃኒት ሰባት ወር ወስጄው ጠቅሞኝ ሳለ ኢንሹራንሱ መክፈሉን አቆመ፣ ክብደቱም ተመለሰ። ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ ሰውነት ክብደት ሲቀንስበት ረሀብ የገባ ይመስለዋል፤ የመራብ ስሜቱን ከፍ ያደርጋል፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል። ይህን ስሰማ ዓመታት ሙሉ ራሴን ሆዳም እያልሁ የሰደብሁበት ሁሉ ትዝ ብሎኝ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስሁ።

ቀዶ ጥገናው ስሊቭ ይባላል። ሆዴ በረጅሙ አይቀደድም፤ አምስት በሚያህሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተው ከጨጓራዬ ሦስት አራተኛ ያህሉን፣ እንዲያውም ትንሽ የሚበልጠውን፣ ቆርጠው ያወጣሉ። የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ከረጢት ነው፤ አንጀቴ አይነካም። ረሀብን ለአንጎል የሚያሳውቀው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የመራብ ስሜቱም ይቀንሳል። የተቆረጠው ግን አይመለስም፤ ይህን አውቄ፣ ወራት ወስጄ አስቤበት ነው የተስማማሁት።

ዝግጅቱ እንዲህ ረጅም መሆኑን ቀድሜ አላውቅም ነበር። ከጥር ጀምሮ እስካሁን በየወሩ የሥነ ምግብ ባለሙያ ዘንድ ቀርቤያለሁ፤ ኢንሹራንሱ ያለ ስድስት ወር ክትትል አይከፍልም። ደሜን፣ ልቤን፣ እንቅልፌን መርምረዋል። ኢንዶስኮፒ ሲያደርጉልኝ፣ ማለትም ካሜራ በጉሮሮዬ አስገብተው ጨጓራዬን ሲያዩ፣ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ! እኛ ቤት «ጨጓራዬን» ብሎ ተልባ ያልጠጣ ማን ነበር? እሱን ይዞ ወደ ቀዶ ጥገና መግባት ስለማይመከር 14 ቀን ብዙ ኪኒን ውጬ፣ ቆይቼም ተመርምሬ፣ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ቀጣዩ አለፍሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ስለ ዳቦና ስለ ፓስታ የምታውቀውን ያህል ስለ እንጀራ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን እንጀራ በፎይል ጠቅልዬ፣ ሽሮና ምስር ወጥ በዕቃ አድርጌ ወሰድሁላትና ጠረጴዛዋ ላይ ባለችው ትንሽ ሚዛን አንድ በአንድ መዘንነው። እንጀራው ብቻውን 380 ግራም ሆነ፤ እኔ በአንድ ማዕድ ሁለት እበላ ነበር። እሷ ሽሮውን በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ ትንሽ አሰበችና፣ ቀጠን ተደርጎ፣ በርበሬና ዘይት ሳይበዛበት ከተሠራ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ከሚፈቀዱት ልም ምግቦች ጋር እንደሚቆጠር ነገረችኝ። ያን ቀን በአውቶቡስ ስመለስ የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ከቤቴ ገበታ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበርና። ከእንግዲህ ሕጉ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው ይቀድማል፤ እንጀራው መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ከተረፈው ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ማግኘት አለብኝ።

አሁን በሕፃን ማንኪያ መብላት እየተለማመድሁ ነው። እያንዳንዱን ጉርሻ ሃያና ሠላሳ ጊዜ አላምጣለሁ፣ አንዱን ማዕድ ግማሽ ሰዓት አስኬደዋለሁ። ከምግብ ጋር ውሃ አልጠጣም፤ ከበላሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። አምቦ ውሃና ለስላሳ ትቻለሁ። ስመጣ ይዤልሽ የምመጣውን የሕመም ማስታገሻ፣ አድቪልንም፣ ከእንግዲህ እኔ አልወስደውም፤ ለጠበበ ጨጓራ ቁስል ያመጣል ተብያለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር የተቀመጥሁበት ሰዓት ነው። «ሳይርብሽ የምትበዪው መቼ ነው?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ መልስ ስጀምር አባዬ መጣብኝ። በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ ልቀብረው አልመጣሁም። ሰዎች ምግብ ይዘው እየመጡ ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ብቻዬን፣ ከሌሊት ሥራ በተመለስሁ ቁጥር፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆሜ እበላ ነበር። ለቅሶዬን እንደዚያ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ በኋላም ልማድ ሆኖ ቀረ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ አልቸኮለችም፤ በመጨረሻ «ከቤተሰብሽ የሚያግዝሽ ማነው?» ስትለኝ «እናቴ» አልኋት። ያኔ ግን አንቺ ገና አልሰማሽም ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚያ ቃሌን ስለሰጠሁ ጭምር ነው።

ስለ ፍልሰታ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት 14 ቀናት፣ ማለትም ከነሐሴ 5 ጀምሮ፣ የምወስደው የፕሮቲን መጠጥና ቀጭን ሾርባ ብቻ ነው። በወፍራም ሰው ጉበት ላይ ስብ ይጠራቀማል፤ ጉበቱ ደግሞ ጨጓራው ላይ ስለሚተኛ፣ ካልቀነሰ ሐኪሙ አንሥቶ ለመሥራት ይቸገራል። የመጀመሪያው መጠጥ ከወተት የተሠራ ነበር፤ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ለሕመምተኛ የታዘዘ መድኃኒት ነው፣ ያለ ሐሳብ ጠጪ» አሉኝ። ልቤ ግን እሺ ስላላለኝ ባለሙያዋ ከአተር የተሠራ አገኘችልኝ። እንግዲህ የዘንድሮን ፍልሰታ በእሱ እጾማለሁ፤ ውሃን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልከለክልም፣ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ግዴታዬ ነው፤ እሳቸውም ፈቅደዋል። ወደፊትም ቪታሚን፣ በተለይ ቢ12 እና ብረት፣ ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ፤ እንደ እኛ ብዙ ለሚጾም ሰው ደግሞ ይህ የባሰ ያስፈልጋል።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ስፌቱ ሊያፈስስ፣ ደም ሊፈስ፣ እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ከሺህ ሰው አንድ ገደማ ሊሞት ይችላል ብለውኛል። በዚሁ ምክንያት በዚያው ቀን አስነሥተው ያራምዱኛል፣ ሳንባዬን እንዳሠራም በአፍ አየር የሚሳብበት ዕቃ ሰጥተውኛል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የአባዬን እግር እፈራለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ድርሻ ልምጣ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለገና እመጣለሁ። ያን ጊዜ አራት ወር ይሆነኛል፤ ዶሮ ወጥም በትንሹ ይፈቀድልኛል። ለብቻዬ ጠረጴዛ አልፈልግም፤ ከትሪው ዙሪያ ከሁላችሁ ጋር ልቀመጥ፣ የእኔ ድርሻ ግን የቡና ስኒ ማስቀመጫ በምታህል ሳህን ትቅረብልኝ። ጉርሻሽን አልከለክልሽም፤ አንዲት ብቻ፣ ከእንቁላሉ፣ ትንሽ አድርገሽ አጉርሽኝ። ካቆምሁ በኋላ ግን እባክሽ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» አትበዪኝ። እነዚህን ቃላት ከአንቺ አፍ ሰምቼ እንቢ ማለት ፈጽሞ አልችልም፤ ጨጓራዬ ደግሞ አንዲት ማንኪያ ስትበዛበት ያስመልሰኛል፣ ያምመኛል። ፍቅርሽ ሳህኔ ላይ በሚቀረው ምግብ እንደማይለካ ሁለታችንም እናውቃለን። ከቡናው አቦሉን ብቻ፣ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ እስከ በረካው ግን ከአጠገብሽ አልነሣም። ጠጅና ጠላ አልነካም፤ እንደኔ ጨጓራው የተቆረጠን ሰው ቶሎ ያሰክራል ይላሉ።

ሰው ይናገራል። በእኛ ሰፈር የከሳ ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ «ምን ነካት? ምን ይዟት ነው?» ይባላል። አንቺ ፊት እንዲህ ሲባል አንገትሽን እንዳትደፊ። ለቅርብ ዘመዶች «ስኳሯን ለመታከም ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፣ አሁን ተሽሏታል» በዪ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ለሌላው «ደኅና ናት» ማለት ይበቃል።

ቀኑ ሰኞ ነሐሴ 19 ነው። የምገባው እዚህ ጠዋት ሲሆን በእናንተ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሥራው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከሐኪሙ እንደሰማች ለእህቴ ትደውላለች፤ እስከ 12 ሰዓት ስልኳን ከእጇ እንዳታስቀምጥ ንገሪያት። አንቺ ቤት ተቀምጠሽ በር በር እያየሽ ከምትጨነቂ ቅድስት ማርያም ሄደሽ ጠብቂልኝ፤ ደግሞ ዝናብ አለና ጃንጥላሽን ያዢ።

ናፋቂ ልጅሽ