ተራ እና ታርጋ፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለእያንዳንዱ ክበብ ሁለት ገጽ መድበዋል። የሚኒ ሚዲያ ክበብ የራሱን በፎቶ እንደሚሞላው አውቃለሁ። እኛ ጋ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ልጆች በአሥራ አንድ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰው ከጀርባ የተነሱት። ስለዚህ በጽሑፍ እሞላዋለሁ።

የዓመቱን ሥራ ያገኘነው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እትዬ (ተማሪውም መምህሩም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው) ጠረጴዛቸው ላይ ጥቁር ሽፋን ያለው ባሕር መዝገብ አላቸው። ተማሪ መጽሐፍ ሲወስድ ስሙን፣ ክፍሉን፣ የመጽሐፉን ርዕስና ቀኑን ይጽፋሉ፤ ሲመልስ መስመሩን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛሉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ገብቼ «እትዬ፣ ያልመለሱት ስንት ይሆናሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መዝገቡን ገለጡና ቀይ ያልነካውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ መቁጠር ጀመሩ። የእረፍት ደወል ተደውሎ አለቀ፣ እሳቸው ገና ከመስከረም አልወጡም። በሳምንቱ ክበቡን ሰብስቤ ይህን መዝገብ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ እናድርገው አልኩ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ባሕር መዝገብን መፍራት አይቻልም ያለው ልጅ ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ።

ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኖትፓድና አንድ ብራውዘር ካለ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋል፤ ከዩኒቨርሲቲው የፖሊ ግቢ ጓደኞች ያሏቸው ልጆች ሳይቀሩ ይህን ማመን ከብዷቸው ነበር። ቋንቋውን ብሬንደን አይክ የተባለ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. በ10 ቀን ውስጥ እንደሠራው ብነግራቸው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቢሰጡት ምን ነበረበት?» አለ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ብዙ መረጃ በአንድ ስም ሥር በተራ የሚቀመጥበት ነገር አሬይ ይባላል። በአማርኛ «ድርድር» የሚሉት አሉ። እኔም በዚያ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ልጆቹ ከቅዳሜ ገበያ የዋጋ ክርክር ጋር እያያያዙ ሲያስቸግሩኝ ተውኩት። ያስቸገራቸው ግን ቃሉ ሳይሆን ቆጠራው ነው። አሬይ የመጀመሪያውን ነገር 0 ብሎ ይጠራዋል። «አንደኛው ለምን ዜሮ ይባላል?» የሚለውን ጥያቄ በሦስት መንገድ ሞክሬ አንዱም አልያዘም። በመጨረሻ የሽምብጥ ባጃጅ ተራን አነሳሁ። ሰልፉ ፊት ላይ የቆመውን ሹፌር «ከፊትህ ስንት ባጃጅ አለ?» ብትሉት ምን ይላችኋል? ምንም። ኢንዴክስ ማለት ይኸው ነው፤ ከፊትህ ያሉት ብዛት። በማግሥቱ የወራትን ስም በአሬይ አስቀመጥን። መስከረም 0፣ ጳጉሜ 12 ሆኑ። አንዱ ልጅ 13ኛ ወር ብሎ 13ን ጠየቀ። ማሽኑ አልተቆጣም፣ ሥራም አላቆመም፤ «አንዲፋይንድ» (እዚህ ቦታ የተቀመጠ የለም እንደማለት) ብሎ ዝም አለ። ይህን ዝምታ ዓመቱን ሙሉ ስንከፍልበት ኖርን።

የመጀመሪያው ገጻችን አራት አሬይ ነበረው፦ አንዱ የስም፣ አንዱ የክፍል፣ አንዱ የመጽሐፍ፣ አንዱ የቀን። በስም አሬይ 5 ላይ ያለው ልጅ የወሰደው በመጽሐፍ አሬይ 5 ላይ ያለውን ነው። አጭር ነው፣ ይገባል፣ ይሠራልም። ልጆቹ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔም እንዳልከለከልኳቸው እዚህ ላይ ልናዘዝ። ችግሩ የመጣው እትዬ «በፊደል ተራ ብታደርጉልኝ» ሲሉ ነው። ጃቫስክሪፕት ሶርት የሚባል ትእዛዝ አለው። በግዕዝ ፊደል እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ በሀ ለ ሐ መ ተራ ስለሆነ ስሞቹ ልክ እንደ ድሮው የክፍል ስም ጥሪ ተደርድረው ወጡ። አጨበጨብን። ዝርዝሩን አትመን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጠፍነው።

የተደረደረው የስም አሬይ ብቻ ነበር። ክፍሉ፣ መጽሐፉና ቀኑ በነበሩበት ቀርተዋል። እያንዳንዱ ልጅ የሌላ ሰው መጽሐፍ ተሸከመ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አልመለሰም ተብሎ ስሙ በር ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አባቱ መጡ። ሳይቆጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «መምህር፣ ልጄ ያልወሰደውን መጽሐፍ ከየት አምጥቶ ይመልስ? ወይስ እኔ ልግዛ?» አሉኝ። ዝርዝሩን እዚያው ፊታቸው ቀድጄ አወረድኩት። ልጁንም በሰልፍ ላይ ይቅርታ ጠየቅነው። አሁን የክበቡ አባል ነው፣ ያውም ከሁሉም ተጠራጣሪው።

ያን ሳምንት ኮድ አልጻፍንም፤ ተቀምጠን ተነጋገርን። አራቱንም አሬይ አብሮ መደርደር ይቻላል ያሉ ነበሩ። ይቻላል፤ ግን አንድ ቀን አንዱ መረሳቱ አይቀርም። የጨረሰችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «አባቴ የእቁብ ጸሐፊ ናቸው። ስሙን በአንድ ደብተር፣ ገንዘቡን በሌላ፣ ዕጣ የወጣለትን በሦስተኛ ደብተር ቢጽፉ ኖሮ እቁብተኛው ገና ድሮ ያባርራቸው ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ መስመር ነው» አለች። የእትዬ ባሕር መዝገብም እንዲሁ ነው። አራት አሬይ ስንከፍት መዝገቡን ለአራት የቀደድነው እኛ ነን።

መጀመሪያ የሞከርነው አሬይ ውስጥ አሬይ ማስገባት ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር ራሱ ትንሽ አሬይ ይሆናል፣ 0 ስም፣ 1 ክፍል፣ 2 መጽሐፍ፣ 3 ቀን። ሲደረደር መስመሩ ሳይበተን ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ የመዝገብ ቁጥር እንጨምር ተባለና አንዱ ከፊት አስገባው። ስም 1 ሆነ፣ ክፍል 2 ሆነ፤ ገጹም የልጆቹን ክፍል እንደ መጽሐፍ ርዕስ ማሳየት ጀመረ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ስም የሚሰጠውን ኦብጀክት ያዝን። «መጽሐፍ» ብለህ ታስቀምጣለህ፣ «መጽሐፍ» ብለህ ታወጣለህ፤ ስንተኛ እንደሆነ አትጨነቅም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔ የዌብ ሥራ የለመድኩት በፒኤችፒ ነው። በዚያ ቋንቋ አሬይ ቁጥርንም ስምንም ቁልፍ አድርጎ ይቀበላል። ጃቫስክሪፕትም እንዲሁ ይመስለኝ ስለነበር ባዶ አሬይ ከፍቼ «ስም» በሚል ቁልፍ አስገባሁና ለልጆቹ አሳየሁ። ማሽኑ ምንም አላለም። ስሙን ብጠይቀው መለሰልኝ። ልጆቹ እኔን ተከትለው አንድ ከሰዓት ሙሉ ጻፉ። ተጠራጣሪው ልጃችን ርዝመቱን ጠየቀው። 0 አለ። ወደ ጽሑፍ ቀይረን ለማስቀመጥ ስንሞክር ደግሞ ባዶ ቅንፍ ወጣ፤ የከሰዓቱ ሥራ በሙሉ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጃቫስክሪፕት አሬይ ራሱ ኦብጀክት ስለሆነ በስም የሰጡትንም ይቀበላል፤ ነገር ግን ርዝመቱን ሲቆጥር በተራ ቁጥር የገቡትን ብቻ ያያል፣ ጄሰን ወደሚባለው የመረጃ ማስቀመጫ ጽሑፍ ሲለወጥም የሚጻፉት እነሱ ብቻ ናቸው። የእቁብ ጸሐፊው ልጅ ሰሌዳው ጥግ ላይ «አራት ማዕዘን ቅንፍ ለተራው፣ ጥምዝ ቅንፍ ለሰውየው» ብላ በጠመኔ ጻፈች። የጽዳት ሠራተኞቹ እስካሁን አላጠፉትም።

ከጥር በኋላ ያለው ሥራ ፈጠነ። አንድ ልጅ ሠላሳ መዝገብ አስገብቶ ሠላሳውም የአንድ ልጅ ስም ሆነው አገኛቸው። ኦብጀክቱን ከዙሩ (ተደጋግሞ ከሚሠራው የኮድ ክፍል) ውጭ አንዴ ብቻ ፈጥሮ ያንኑ ሠላሳ ጊዜ ጨምሮታል፤ አሬዩ ሠላሳ ሰው ሳይሆን ወደ አንድ ሰው የሚጠቁሙ ሠላሳ ጣቶች ይዟል። የመዝገብ ቁጥሩን ስንደረድር 10 ከ9 ቀድሞ መጣ፤ ሶርት ካልነገሩት በስተቀር ቁጥርንም እንደ ጽሑፍ ነው የሚያወዳድረው። ሁለት ልጆች ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ በኢንዴክሳቸው እንለያቸው ተባለ፤ ግን አንድ መዝገብ ሲሰረዝ ከኋላው ያሉት ሁሉ ወደ ፊት ይጠጋሉ። ባጃጁ ተመለሰ። ፊት ያለው ተሳፋሪ ጭኖ ሲሄድ የሁሉም ተራ ይለወጣል፣ የማንም ታርጋ ግን አይለወጥም። ለእያንዳንዱ መዝገብ የማይቀየር ቁጥር ሰጠነው፤ ልጆቹ ኮዱ ውስጥም «ታርጋ» ብለው ነው የሰየሙት።

ረጅሙን ክርክር ያነሳው ፍለጋው ነው። አንዲት ተማሪ ስሟ በመዝገቡ «ፀሐይ» ተብሎ ገብቷል፤ ፈላጊው «ጸሀይ» ብሎ ሲጽፍ የለችም ይባላል። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለማሽኑ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ እንዲሁ። ልጆቹ በመዝገቡ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል እንቀይረው አሉ። የአማርኛ ክፍል ባልደረባዬ ይህን ሰምተው ላቦራቶሪው ድረስ መጡና «የሰው ስም ልታበላሹ ነው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የተመዘገበው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ በፍለጋ ጊዜ ብቻ የተጻፈውም የተመዘገበውም ለጊዜው ወደ አንድ ፊደል ተለውጠው ይነጻጸራሉ። ከአሥር መስመር ያልበለጠ ኮድ ነው፤ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

አሬይ ያለው በማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ መብራት እንዴት እንደሚሄድ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አላስረዳም። ብራውዘሩ ሎካል ስቶሬጅ የሚባል ማስቀመጫ አለው፤ ወደ 5 ሜጋባይት ይይዛል፣ ለእኛ መዝገብ ተርፎ ይበቃል። የሚቀበለው ግን ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አሬዩን ወደ ጄሰን ለውጦ ማስገባት፣ ሲከፈትም መልሶ መፍታት ያስፈልጋል። የሚቀመጠውም በዚያው ኮምፒውተር በዚያው ብራውዘር ውስጥ ብቻ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ በፍላሽ እንገለብጣለን።

የቱሪዝም ክበብ የጣና ገዳማትን ዝርዝር እንድንሠራላቸው ጠይቆን ስለነበር በሚያዝያ እሱንም ጀመርን። «ደሴት» የሚል ቁልፍ ነበረው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ በደንብ ገቡ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ላይ ደረስን። ገዳሙ ያለባት ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት እንጂ ደሴት አይደለችም። ቁልፉን «ቦታ» ብለን ቀየርነው፣ ግን በግማሹ መዝገብ ላይ ብቻ፤ ሦስቱ ደሴቶች ገጹ ላይ «አንዲፋይንድ» ላይ የሚገኙ ገዳማት ሆኑ። ተስተካክሏል። «ሴቶች ይገባሉ» የሚለው ቁልፍ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዳጋና ክብራን ላይ አይደለም ብለን ስንሞላ የክበቡ ሴት ልጆች ያሉትን ግን እዚህ አልጽፍም።

የመጨረሻው ሥራ ቀን ነበር። የጃቫስክሪፕት ቀን የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ቀናችንን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለን በሦስት ቁጥር ለየብቻ አስቀመጥን። መጽሐፉ ስንት ቀን ቆየ የሚለውን ለማወቅ ዓመቱን በ365 ማባዛት፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ትርፉን ጥሎ መደመር፣ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝቶ መጨመር፣ ከዚያ ቀኑን። ወራችን 30 በመሆኑ ከፈረንጁ እጅግ ይቀላል። አስቸጋሪዋ ጳጉሜ ናት፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ትሆናለች፣ ለምሳሌ በ2015 እንደሆነችው። ሁለት ልጆች የአራቱ ማካፈል ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚደመረው በሚል ሁለት ሳምንት ተጣሉ፤ አንዱ ኮድ ሲያስገባ ሌላው ያወጣል። በመጨረሻ የ2015 ጳጉሜ 6ን እና የ2016 መስከረም 1ን አስገብተው ልዩነቱ 1 ቀን ሲወጣ ታረቁ።

በሰኔ ገጹን ለእትዬ አስረከብን። ስም ፈለጉ፣ ያልመለሱትን አስቆጠሩ፣ ባሕር መዝገቡን ግን አላነሱም፤ አጠገቡ ነው ያስቀመጡት። ልጆቹ በኩራት በክረምት የተወሰደ መጽሐፍ ጳጉሜን ተሻግሮ እንዴት እንደሚቆጠር ማሳየት ጀመሩ። እትዬ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

«እኔ እኮ ሰኔ 30 ሁሉንም ሰብስቤ ነው ቤቱን የምዘጋው» አሉ። «በክረምት መጽሐፍ አውሼም አላውቅ።»

ልጆቹ ተያዩ። ኮዱን ግን አላወጡትም።