«መጥቼ ነበር»

ይድረስ የመርጃ መሣሪያ ጥያቄዎችን ለሚወስኑት ክቡር ኃላፊ

እኅቴ የመግባቢያ መሣሪያ ስለ መከልከሏ ሦስት አቤቱታ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቻለሁ። ሦስቱም «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አርፎባቸዋል፤ ከማኅተሙ ሌላ ግን መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ አራተኛውን በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

እኅቴን የያዛት ኤኤልኤስ የተባለው የነርቭ በሽታ ነው። ምላስን፣ ከንፈርንና ጉሮሮን የሚያዙት የነርቭ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ መጀመሪያ ንግግር ይኮላተፋል፤ ቀጥሎ ድምፅ ይሰልላል፤ በመጨረሻም አንደበት ይዘጋል። ይህ እንደሚመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯታል። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ገና መናገር ስትችል፣ በገዛ እግሯ ይዛላችሁ የመጣችውም ለዚሁ ነበር። መልሳችሁ አንድ መስመር ሆነ፦ «አመልካቿ መናገር ስለሚችሉ መሣሪያው አያስፈልጋቸውም።»

ያ መስመር ምን እንደወሰደባት ልንገርዎ። ድምፁ የሚጠፋበት ሰው ድምፁ ሳይጠፋ ይቀዳል። የልጆቹን ስም ሲጠራ፣ ሲቆጣ፣ ሲስቅም ጭምር ይቀዳና ኋላ መሣሪያው በራሱ ድምፅ መልሶ ያሰማለታል። ከቀረጻው ተነሥቶ አዲስ የተጻፈን ዓረፍተ ነገር በእርሱ ድምፅ የሚያነብ ሰው ሠራሽ ድምፅ ማዘጋጀትም ይቻላል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ገና ያልጠፋ ድምፅ ነው። የእናንተ አሠራር ግን ድምፁ እስኪጠፋ ጠብቁ ይላል! ስለ ቀረጻው ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ሰው እንኳ አልነገረንም። ከሌላ ታማሚ ቤተሰብ ስንሰማ ንግግሯን እኔም በግምት ብቻ የምለየው ሆኖ ነበር። ዛሬ ከጤነኛ ድምፅዋ የቀረን ስልኬ ውስጥ ያገኘሁት 11 ሰከንድ ነው። «ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈትልኝ» ትላለች።

አንደበቷ ከተዘጋ በኋላ ተመልሰን መጣን። እጇም ስለማይታዘዝላት የምንግባባው በፊደል ሰሌዳ ነው፤ በዚህ በሽታ ሌላው ጡንቻ ሲከዳ የዓይን ጡንቻ ብዙ ጊዜ ጸንቶ ይቆያል። ሰሌዳው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። እኔ በፊቷ ይዤው እቆማለሁ፤ እርሷ መጀመሪያ የፊደሉን ቤት፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 7 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ታያለች። ግዕዙ 1፣ ካዕቡ 2 እያልን እስከ ሳብዑ እንሄዳለን። ለአንድ ፊደል ሁለት እይታ ነው።

«ለምን ቀደም ብላችሁ አልመጣችሁም?» ብሎ የጠየቀን የእርስዎ ባልደረባ ነው። እኅቴ መልስ ጀመረች። መ። ጥ። ቼ ላይ ስንደርስ ሰውየው ሰዓቱን አየና ወደ እኔ ዞሮ «ይብቃ፤ የምትፈልገውን አንተው ንገረኝ» አለ። እርሷ አላቆመችም። ነ። በ። ር። ለስድስት ፊደላት አሥራ ሁለት ጊዜ ዓይኗን አንቀሳቀሰች፤ ግንባሯን ላብ አቸፈቸፈው። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር። የጻፈውን ኋላ ቃለ ጉባኤው ላይ አገኘሁት፦ «አመልካቿ አስተያየት አልሰጡም።»

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 21 በመንግሥት ጉዳዮች አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን መቀበልና ማመቻቸት እንደሚገባ ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድሚያ እንዲሰጣቸው በዘረዘራቸው 50 መርጃ መሣሪያዎች ውስጥም የመግባቢያ ሰሌዳ ተካቷል፤ የመግባቢያ ሶፍትዌርም እንዲሁ። ይህን እኔ ላስተምርዎ አይገባም፤ ሥራዎ ነው።

«መናገር ስለሚችሉ» የሚለውን ምክንያት ከአሠራራችሁ አውጡት። በሽታው በሐኪም በተረጋገጠበት ዕለት የታማሚው ጥያቄ ይከፈት፤ ቀረጻውም ያኔ ይጀመር። ለእኅቴ ቀረጻው አልፏል። በዓይን የሚታዘዘው ኮምፒውተር ግን አላለፈም፤ ዛሬም እየጠበቀችው ነው።

ቃለ ጉባኤው ደግሞ ይታረም። «አስተያየት አልሰጡም» የሚለው ይሰረዝና በምትኩ እኅቴ የተናገረችው ይጻፍበት፦ መጥቼ ነበር።