ለማዕድን ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ፦ የደላንታ የኦፓል ክምሮች ክረምት ሳይገባ ባለቤት ይሰየምላቸው

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ማዕድን ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኦፓል ቁፋሮ የተደፉ ክምሮችንና የተተዉ ዋሻዎችን ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የደላንታ ወረዳ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) በዓለም ገበያ ስሙ ከገነነ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከኦፓሉ ጋር የወጣው አፈርና ስብርባሪ ድንጋይ ግን በወረዳው ከተማ በወገል ጤና ዙሪያ ባሉ ገደሎች፣ ከየዋሻው አፍ ሥር እንደተቆለለ አለ። የቆፈረው ማህበር ቢበተን፣ የፈቃዱ ዘመንም ቢያልፍ ክምሩ ባለበት ይቀራል፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን የለም። የምንጠይቀው ባለቤት እንዲሰየምለትና የባለቤቱ የመጀመሪያ ሥራ ውሃን ከክምሩ ማራቅ እንዲሆን ነው። ግንቡም፣ ችግኙም፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ውሃን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦፓሉ የሚገኘው ከ1 ሜትር በማይበልጥ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ከበላዩ ወፍራም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጭኖታል፤ ከሥሩ ደግሞ ሸክላ የበዛበት አፈር አለ። ቆፋሪው ንጣፉን ተከትሎ ወደ ገደሉ ሆድ አግድም ይገባና የቆፈረውን ከዋሻው አፍ ላይ ወደ ታች ይደፋዋል። በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ የወረደ ዝናብ ሸክላው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ተጉዞ በዚያው ከፍታ በገደሉ ፊት ይወጣል። ክምሩ የተደፋው እንግዲህ ውሃው በሚመነጭበት መስመር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በዌልስ አበርፋን 144 ሰው፣ ከእነዚህም 116 ሕፃናትን የፈጀው የከሰል ማዕድን ክምር የተቆለለው ምንጭ ላይ ነበር።

ከአፉ የተደፋ አፈር ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሚሆን ተዳፋት ላይ ይረጋል። ይህ ራሱን ችሎ ሊቆም የሚችልበት የመጨረሻው ዳገት ስለሆነ ደርቆ ሳለም ቢሆን የቆመው በጭንቅ ነው። «አሥር ክረምት ያለፈ ክምር ምን ይሆናል?» የሚለው መጽናኛ በዚህ ድንጋይ ላይ አይሠራም። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራው ይህ ድንጋይ እየራሰና እየደረቀ ሲሄድ ይፈረፈራል፣ ወደ ሸክላነትም ይለወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ውሃ እንደ ወንፊት ያሳልፍ የነበረው ክምር ከጥቂት ክረምት በኋላ ቀዳዳው ይደፈንና ውሃውን ይዞ ያስቀራል። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ሊከፋ የሚችል ነገር ነው።

አሁን ወደ አስቸኳዩ እንምጣ። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይወጣል። እርከኑ፣ ትሬንቹ (ውሃ ማስረጊያ ጉድባው) እና ማይክሮ ቤዚኑ (ውሃ ማቆሪያ ትንሹ ጉድጓድ) የተነደፉት ውሃን በተዳፋቱ ላይ ይዘው እንዲያሰርጉ ነው። ለተጎዳ የእርሻ መሬት ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ከቁፋሮ ክምር በላይ ወይም በክምሩ ላይ ትሬንች መቆፈር ግን ናዳውን በውሃ መቀለብ ነው፤ የዘመቻው ኮታ በሜትር ስለሚቆጠር ደግሞ ልዩነቱን ቆም ብሎ የሚያይ ሰው አይገኝም። ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆናችሁ አንድ ገጽ መመሪያ አውጡ። ከተመዘገበ ክምር በላይ ባለው ተዳፋት ውሃ የሚያሰርግ ሥራ ቀርቶ በምትኩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሠራ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ቦዩን አሳምረው ያውቁታል፤ አርሶ አደሩም ፈሰስ ማውጣትን የሚያስተምረው አይፈልግም።

መጠኑ እንዲህ ይሰላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ በ1 ሄክታር ላይ 400 ሜትር ኩብ ያፈሳል፤ ግማሹ ቢሰርግ እንኳ በሰከንድ 55 ሊትር ያህል ወደ ክምሩ ይመጣል። ወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኖቹ በ45 ዲግሪ ያጋደሉ፣ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ የሚል ቦይ ከ5 ሄክታር የሚመጣውን እንዲህ ያለ ጎርፍ ይችላል። ከዚህ ይበልጥ ካዘቀዘቀ ወለሉን ይበላዋል። በጣም ከተኛ ደግሞ በደለል ይሞላና ሞልቶ የሚፈሰው በትክክል ክምሩ ላይ ነው፤ ብዙ ቦይ የሚበላሸው እንደዚህ ነው። ወለሉ ድንጋይ ይነጠፍበት። ከክምሩ አናት ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሜትር ይራቅ፤ መሬቱ ከተሰነጠቀ ከስንጥቁ በላይ ይውጣ። መጨረሻው ዓለት ወይም ነባር የውሃ መውረጃ ይሁን እንጂ የጎረቤት ማሳ አይሁን። 200 ሜትር ቦይ 90 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ነው፤ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ብቻ ቢያወጣ፣ 50 ሰው ድንጋይ ንጣፉን ሳይጨምር በ4 ቀን ይጨርሰዋል። በወሎ በልግም ስላለ ቆፍሮ ለመጨረስ ምቹው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዘንድሮ ያለፈ እንደሆነ ቢያንስ ከሰኔ በፊት።

በክምሩ አናት ላይ ያለ ስንጥቅ በድንጋይ አይሞላ፤ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል። ሸክላ አፈር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላና ላዩ እንደ ጀርባ ጎበጥ ይበል። ከመሞላቱ በፊት ግን ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 1 ሜትር ርቀው ሁለት ችካሎች ይተከሉ። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በክረምት በየቀኑ ጠዋት በችካሎቹ መካከል ያለው ርቀት በሜትር መለኪያ ተለክቶ ይጻፍ። ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን አካሄዱ ነው። በየቀኑ 2 ሚሊ ሜትር የሚከፈት ስንጥቅ በክትትል ይቆያል፤ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 9 ካለ ግን ከሥር ያለው ሰው በዚያው ቀን ይነሣ። ግርጌው ካበጠ፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ ወይም በዝናብ መካከል ከደረቀም እንዲሁ።

ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) የሚወደደው ስለሚታይ ነው። በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ከፍታ ያለውን ክምር ባለ 1 ሜትር ሳጥን አይገታውም፤ የሚንከባለል ድንጋይ ይይዛል፣ የግርጌ መሸርሸርንም ይቀንሳል፣ ከዚህ ማለፍ አይችልም። አፈር እንዲይዝ የሚተከለው የቬቲቨር ሳርም ለዚህ ከፍታ አይሆንም፤ የደላንታ ውርጭ ያቃጥለዋል። የአካባቢው ሳር ይሻላል።

ክምሩን መልሰው የሚያበጥሩ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ያመለጠ ኦፓል ፍለጋ የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ከግርጌ ነው፤ ግርጌው ደግሞ ክምሩን የያዘው ክፍል ነው። በማያንማር ህፓካንት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ከ170 በላይ ሰዎች ያለቁት በከባድ ዝናብ መካከል ከማዕድን ክምር የጄድ ድንጋይ ሲለቅሙ ነበር። መከልከል ብቻውን ሰዉን ወደ ሌሊት ይገፋዋል። ከላይ ወደ ታች ብቻ እንዲበጠር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እንዲቆም፣ ለዚያ ጊዜም ቦዩን የመጥረግና ስንጥቅ የመለካት ሥራ በክፍያ ለእነዚሁ ሰዎች ቢሰጥ ይሻላል።

የተተዉት ዋሻዎች በበጋም ይገድላሉ፤ በ2016 ዓ.ም. በዚሁ በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ ቀርተዋል። አንዱ ቡድን ጣሪያ እንዲይዝ የተወውን ምሰሶ፣ ኦፓል ስላለበት ቀጥሎ የሚገባው ይቆርጠዋል። አፉ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይገንባ፤ ከሥር የውሃ መውጫ ቱቦ ካልተተወለት ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ ግንቡን ከነክምሩ ይገፋዋል።

ስለ ማስጠንቀቂያው አንድ ነገር እንጨምር። በገጠሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ወደ ድምፁ ይሰበሰባል። ለናዳ ከዚህ የከፋ ምልክት የለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ሊታደጉ የሮጡትን የቀበራቸው ተከትሎ የመጣው ሁለተኛው ናዳ ነበር። ምልክቱ ሌላ ይሁን፣ ለምሳሌ የማያቋርጥ ፊሽካ፤ ትርጉሙም «ከሸለቆው ውጡ» ብቻ እንደሆነ በየቀበሌው ይለመድ። ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የላዩን ስንጥቅ የሚያይ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ከፍ ያለ ቦታ ይቁም።

ምዝገባው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ክምር ቁጥር፣ የቦታ መለኪያ፣ ከፍታ፣ ዳገት (በስልክ ይለካል)፣ የምንጭ መኖር አለመኖርና ከሥሩ ያሉ ቤቶች ብዛት ይጻፍ። ደረቅ ናዳ የከፍታውን ሁለት እጥፍ ያህል ሊጓዝ ይችላል፤ ውሃ የጠጣ ግን አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። 30 ሜትር ከሚረዝም ክምር ሥር በ150 ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ከዝርዝሩ አናት ይቀመጥ። ማሽን የማይደርስበት ክምር ከሆነ የሚነሡት ቤቶቹ ናቸው፤ ይህም ውይይቱ በበጋ የሚጀመር እንጂ ሐምሌ ላይ በሌሊት የሚወሰን አይደለም።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ትልልቅ ባለፈቃዶች የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ በባህላዊ መንገድ የሚያመርቱትን ግን ነፃ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ቆፋሪ ይህ ተገቢ ነበር። የሺዎች ቆፋሪ ድምር ግን የትልቅ ማዕድን ያህል ክምር ይተዋል፣ ያለ አንድ ሳንቲም መጠባበቂያ። ስለዚህ ከኦፓል ከሚሰበሰበው የሮያሊቲ (መንግሥት ከማዕድን ምርት የሚወስደው ክፍያ) ገቢ የተወሰነ ድርሻ በወረዳው ስም ለዚሁ ሥራ ይያዝ። ለአዲስ ማህበርም ፈቃድ ሲሰጥ የቁፋሮው አፈር የት እንደሚደፋ በካርታ ላይ ይመላከት፤ ምንጭ ላይ እንዳይሆንም ፈቃድ ሰጪው በአካል ሄዶ ያረጋግጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምድር ሳይንስ፣ የማዕድንና የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለግብርና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
ለደላንታ ወረዳ አስተዳደር